ስንት አውቶቡስ ተገዛ አትበሉኝ፤ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጣ?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው። ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ታገሱኝ፤ ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ ሙሉ ትታገሱኝ የለ?

ጉዳዩ የአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ነው።

ከተማችን አዲስ አውቶቡስ ባስገባች ቁጥር የምናየው ነገር አንድ ነው። መኪኖቹ አደባባይ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ዜናው "ይህን ያህል አውቶቡስ ወደ ስምሪት ገባ" ይለናል፤ እኛም ፎቶውን ሸር እናደርጋለን። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ከእነዚያ መኪኖች ስንቱ መንገድ ላይ እንዳለ የሚነግረን ዜና የለም። በመሀል ሌላ አዲስ አውቶቡስ ይመጣል፣ ሌላ ሪባን ይቆረጣል፣ የድሮው ይረሳል።

የኔ ክርክር አጭር ነው። የዚህች ከተማ የአውቶቡስ ችግር ዋና መነሻው የግዢ ማነስ አይደለም፤ የጥገና መናቅ ነው። ከ80 ዓመት በላይ መኪና ስንቀያይር ኖርን፤ የገዛነውን መኪና ዕድሜውን እስኪጨርስ የማኖር ሥራ ግን የማንም ዋና ሥራ ሆኖ አያውቅም።

"ይሄ ደግሞ እገሌን ለመንካት ነው" የሚል ካለ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። አንበሳ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከተባረረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አገልግሎቱም የጀመረው ጣሊያኖች ጥለዋቸው በሄዱ ጥቂት መኪኖች ነው። በኋላ በንጉሡ ዘመን አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ደርግ ሲመጣ ተወረሰና በሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ አንበሳ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ድርጅት ተብሎ ራሱን ቻለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከሸገር ጋር ተዋሕዷል። አራት መንግሥት ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ወገን ጥፋት አድርጎ ለመሳደብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ብዙ አያተርፍም።

ስሙና ባለቤቱ እንደተቀያየረው ሁሉ መኪናውም ተቀያየረ። መርሴዲሱ ነበር። ከዚያ ዳፍ መጣ፤ የኔ ዕድሜ ሰዎች "አንበሳ" ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ቀይና ቢጫ ዳፍ ነው፤ በሳንቲም የተሳፈርንበት። ከዚያ ቢሾፍቱ፤ ቀጥሎ መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው ተቀጣጣይ፤ ቀጥሎ ባለ ሁለት ፎቁ፤ ቀጥሎ ከቻይና የመጡት። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪኩ። ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ቢሾፍቱ፣ ቻይና። ዝርዝሩን ሳየው የአውቶቡስ ድርጅት ሳይሆን የአውቶቡስ ሙዚየም ይመስለኛል።

"ታዲያ መኪና ሲያረጅ አይቀየርም ወይ?" ይቀየራል! ማንም ዘላለም አይነዳም። ችግሩ ዕድሜውን የጨረሰው መለወጡ አይደለም፤ ዕድሜውን ሳይጨርስ የሚቆመው ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዛሬ በአንድ የግል ጋራዥ መካኒክ ነው። ይሄን ጉዳይ አንስቼበት እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ብንሠራ ዓይናችንን ጨፍነን እንፈታው ነበር።" ነገሩን አስቡት። አዲስ ዓይነት መኪና በገባ ቁጥር ፊልትሮው ሌላ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ሌላ ነው፣ ኩሽኔታው ሌላ ነው፣ ካምቢዮው ሌላ ነው። መጋዘኑ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ዕቃ መያዝ አለበት። መካኒኩ ለእያንዳንዱ እንደገና መማር አለበት። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ዕቃው ሲጠፋ የሚደረገው ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንዱ አውቶቡስ ይታረድና ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። የታረደው አይነሳም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ይታረዳል።

ቢሾፍቱን እንደ ምሳሌ ልውሰደው። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙ አውቶቡሶች በመቶዎች ወደ አንበሳ ገቡ። ሐሳቡን ዛሬም አልቃወምም። እዚሁ ከተሠራ መለዋወጫውም እዚሁ ይገኛል፣ ዶላርም ይቆጠባል የሚል ሐሳብ ነበር፤ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን መገጣጠም እና መሥራት አንድ አይደሉም። ዋና ዋና ዕቃው ከውጭ ከመጣ መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ የቀድሞ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን፤ ተቋሙም በኋላ ተከፋፈለ። ክሱን የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው፤ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አቅራቢው ሲናጋ መኪናዎቹን ማን ይጠግናቸዋል ተብሎ ግዢው ሲፈጸም ታስቦ ነበር ወይ? ከአንበሳ መኪኖች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ዴፖ ውስጥ መቆማቸውን የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ለጋዜጠኞች ሲናገሩ በተለያየ ጊዜ ሰምተናል። መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

ይሄ በሽታ የአውቶቡስ ብቻም አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት። ያኔ ከተማው በሙሉ ለማየት ወጥቶ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ሕዝቡ አለ፤ የጠፋው ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይቺን ሰሌዳ ላይ እንጻፋት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።

አንድ ድርጅት 600 አውቶቡስ አለው እንበል። ጠዋት የሚወጣው ግማሹ ብቻ ነው፤ 300። ከንቲባው 100 አዲስ አውቶቡስ ገዛ። ሪባን ተቆረጠ። አሁን የሚወጣው 400 ሆነ። ጥሩ ነው አይደል? ነገር ግን የጥገናው ሁኔታ አልተለወጠም። ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ግማሹ ይቆማሉ። እንግዲህ ካሉት 700 የሚወጣው 350 ነው። በመቶ አውቶቡስ ዋጋ ያተረፍነው 50 ነው ማለት ነው።

አሁን ሌላውን መንገድ እዩ። አንድም አዲስ ሳይገዛ፣ የሚወጣውን ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 80 አሳደገ። የ600 ሰማንያ በመቶ 480 ነው። ተጨማሪ 180 አውቶቡስ! ያለ ሪባን፣ ያለ ሰልፍ፣ ያለ ንግግር። ለዚህ የሚያስፈልገው መለዋወጫ፣ መሣሪያ፣ መካኒክና ሥርዓት ነው። ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ አዎ። ግን 180 አዲስ አውቶቡስ የመግዣውን ያህል አይደለም።

"ከመቶ 80 የፈረንጅ ሕልም ነው" ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ለከተሞች የአውቶቡስ መግዣ ገንዘብ ሲሰጥ ሕግ አለው። ትልቁ አውቶቡስ ቢያንስ 12 ዓመት ወይም 500,000 ማይል፣ ማለትም 800,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማገልገል አለበት። ከዚያ በፊት ጥለኸው ሌላ ግዛልኝ ማለት የለም። በመጠባበቂያነት የሚቆመው መኪና ደግሞ በሥራ ሰዓት ከሚወጣው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ናቸው "ቆጥበህ ያዝ" የሚሉት። እኛ ዶላር የቸገረን ሰዎች ነን የምንጥለው።

የለንደኑን ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ በፊልም ያላየ የለም። ሩትማስተር ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ሰው መጫን ጀምሮ ከመደበኛ መስመር የወጣው በ2005 መጨረሻ ነው። ወደ 50 ዓመት ገደማ! ተአምር አይደለም። 2,876 መኪና ሲሠራ የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። አልደናም የሚባል ትልቅ የጥገና ማዕከል ነበራቸው፤ አውቶቡሱ በየጊዜው እዚያ ይገባል፣ አካሉ ይነሣል፣ ሁሉም ነገር ተፈትሾ ታድሶ ይወጣል። እኛም ባለ ሁለት ፎቅ ገዝተናል። የለንደንን ፎቅ አመጣን፤ አልደናምን ግን አላመጣንም።

አሁን ደግሞ በየኮሜንቱ የማያቸውን መልሶች አንድ በአንድ ልመልስ።

"ድሃ አገር ነን፣ መለዋወጫ በዶላር ነው።" እውነት ነው፤ ግን ይሄ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ትናንት 57,000 ብር የነበረች የ1,000 ዶላር ዕቃ ዛሬ እጥፍ ሆነች። አዲሱ አውቶቡስስ? እሱም በዶላር ነው፤ እሱም እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ያለውን መጠገን ያለበት። እናቶቻችን ድስት ሲበሳ አስጠግነው ይጠቀሙ የነበረው ድሃ ስለሆኑ እንጂ ሀብታም ስለሆኑ አልነበረም።

ደግሞስ ድህነት መኪና ማኖር የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ሰማያዊዋ ላዳ የት ትገባ ነበር? በደርግ ዘመን የመጡ ላዳዎች ለስንት አሥርት ዓመታት ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስስ? ስንቱ ቶዮታ ነው ከሹፌሩ በዕድሜ የሚበልጠው! የምን ምስጢር አላቸው? ምስጢር የለም። አንድ ዓይነት መኪና ብዙ ሰው ያዘው፤ መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞላ፤ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ አወቀው። ባለቤቱም መኪናው አንድ ቀን ሲቆም የዚያ ቀን ገቢ ከኪሱ ስለሚቀር አያስተኛውም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለከተማ አውቶቡስ ማድረግ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

"ሕዝቡ ነው የሚሰብረው፤ ተጠቅጥቆ ይገባል።" ኧረ እንተዛዘን! ሰው ወዶ ነው የሚጠቀጠቀው? ሁለት መኪና መምጣት ሲገባው አንድ ሲመጣ የሁለቱ ሰው አንዱ ላይ ይወጣል። ባሌስትራው ይጎብጣል፣ በሩ ይገነጠላል፣ እሱም ጋራዥ ይገባል። ነገ ደግሞ የሦስቱ ሰው አንዱ ላይ ይወጣል። የቆመው መኪና ነው የሚሄደውን የሚገድለው።

"ታሪፉ ርካሽ ስለሆነ ነው።" ታሪፉ ከወጪው በታች እንደሆነና ልዩነቱን ከተማው እንደሚደጉም ይታወቃል። ድጎማውን እደግፋለሁ፤ የቀን ሠራተኛዋን ከሥራዋ የሚያገናኛት እሱ ነው። ጥያቄዬ ድጎማው በምን ይለካል ነው። ዴፖ ለቆመ አውቶቡስም፣ ሰው ለሚጭን አውቶቡስም እኩል የሚከፈል ከሆነ ማን ለመጠገን ይቸኩላል?

"ለግል ይሰጥ።" ይሰጥ እንበል። የግሉም ፊልትሮ ይገዛል፣ የግሉም መካኒክ ያስፈልገዋል። ትርፍ ያለበትን መስመር ይዞ ትርፍ የሌለበትን ሲተወው ደግሞ የዳር ሰፈሩ ሰው ማንን ይጠይቃል?

በዚሁ ላይ አንድ የራሳችንን ጉዳይ ልንካ። የመንግሥት ሠራተኞች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን ፐብሊክ ሰርቪስ አለን። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ጥቅሙን አውቀዋለሁ፤ ይቅር አልልም። ግን በአንድ ከተማ ውስጥ የየራሱ መጋዘን፣ የየራሱ ጋራዥና የየራሱ ግዢ ያለው ድርጅት ሲበዛ ያቺው ትንሽ መለዋወጫ ትበታተናለች። የሦስቱን ሰው ችግር በአንድ ጥሩ ጋራዥ መፍታት ይቻል ነበር። የአንበሳና የሸገር መዋሐድ ትክክል ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ውሕደቱ ከታፔላ አልፎ መጋዘኑ ድረስ ከገባ።

አሁን የኤሌክትሪኩ ዘመን መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም ከተማችን ውስጥ መታየት ጀምረዋል። ደስ ይለኛል፤ በእውነት። ነዳጅ አይጠይቅም፣ ጭስ የለውም፣ የሞተሩ ተንቀሳቃሽ ዕቃም ጥቂት ነው። ሕዳሴውም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቻይና ውስጥ ሼንዘን የምትባለው ከተማ በአውሮፓውያን 2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራለች። ስለዚህ ይቻላል።

ግን ሕዳሴው መብራት ይሰጣል እንጂ ባትሪ አይሰጥም። ባትሪ ያረጃል፤ ስልካችሁን ጠይቁት። የአውቶቡስ ዋጋ ትልቁ ክፍል ደግሞ ባትሪው ነው። ሲደክም ማን ይለውጠዋል? በስንት? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ቻርጀሩ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መብራት ሲቋረጥ የሌሊቱ ቻርጅ ምን ይሆናል? ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚነካ ቴክኒሻን ስንት አሠልጥነናል? ይሄ ሳይመለስ ሪባን ከተቆረጠ ከዳፍና ከቢሾፍቱ ጎን የሚቆም አንድ አዲስ የሙዚየም ዕቃ ገዛን ማለት ነው። ናፍጣው መኪና እኮ ቢያንስ ይታረዳል፤ የደከመ ባትሪ ለማን መለዋወጫ ይሆናል?

ለምን እንዲህ እንደምጮህ ልንገራችሁ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ እየተነሡ መሀል ከተማ የሚማሩ ልጆች አሉ። ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይም ቤቱ ፈርሶበት ዳር ወጣ፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤቱን አልለወጠም። እንዲህ ያለ ልጅ በጨለማ ከቤቱ ወጥቶ ሰልፍ ይይዛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋበታል። "ትራንስፖርት አጣሁ" ሲል "ሁልጊዜ ምክንያት አታጣም" ይባላል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሒሳብ አመለጠው ማለት ነው። በፈተና ሲወድቅ "የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው" እንላለን። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ጨለማው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ሚኒባስ ተቀያይሮ ለመምጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ በቀን ስንት እንደሆነ አስሉት፤ ያ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቢሆን መጀመሪያም ሰልፍ አይይዝም ነበር። ዴፖ ውስጥ የቆመች አንዲት አውቶቡስ ማለት እንዲህ ያሉ ልጆች ናት።

ስለዚህ ጥያቄዬ አራት ነው። ከባድም አይደለም።

1. በየቀኑ ጠዋት ስንት አውቶቡስ እንደወጣ ይለጠፍ። ጠቅላላ ስንት እንዳለ፣ ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱ በምን ምክንያት እንደቆመ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የቴሌግራም ቻናል ብቻ ነው። የሚለካ ነገር ይሻሻላል፤ የማይለካ ይደበቃል።

2. ግዢ ሲፈጸም የመኪናው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የ12 ዓመት መለዋወጫና ሥልጠና ውሉ ውስጥ ይግባ። ይህን የማይፈርም አቅራቢ መኪናው ቢረክስም አይገዛ። የመኪናውም ዓይነት ከሁለት ከሦስት አይብለጥ።

3. ድጎማው ሰው ጭኖ በተሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ይከፈል።

4. መካኒኩ ይከበር። ደመወዙም ይታይ። ተግባረ ዕድንና ሌሎቹን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከዴፖዎቹ ጋር አገናኙ፤ ልጆቹ ከተማቸው በምትነዳው አውቶቡስ ላይ ይማሩ። ሪባን ሲቆረጥ መድረክ ላይ መካኒክ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን 10 ዓመት የሞላው አውቶቡስ ያለ እንከን ሲወጣ እሱን አቁማችሁ ሪባን ቁረጡለት፤ ያን ቀን እኔም ፎቶውን ሸር አደርጋለሁ።

የምክር ቤት አባል የሆናችሁ፣ ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ በሥራችሁ ለኃላፊ ቅርብ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ "ስንት ተገዛ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "የዛሬ አምስት ዓመት የገዛችኋቸውስ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጡ?" በሏቸው። መልሱን እስኪነግሯችሁ ማይኩን አትመልሱ።

ጋራዥ፣ ስምሪት ወይም ሹፌርነት ላይ ያላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ ከሰሌዳ ነው የማወራው፤ እናንተ ከዘይቱ ውስጥ ናችሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ ክፍል ውስጥም ታውቁኛላችሁ።